ከ«የት» በፊት «መቼ»

ተናጋሪዎቹ ሦስት ናቸው፤ አንዲት ባለ አሥር ጎማ ገልባጭ ያላት ነጋዴ፣ መኪናውን የሚነዳው ወጣት ሾፌርና ቃሊቲ አካባቢ ጋራዥ ያለው አንጋፋ መካኒክ። መኪናው ከአዲስ አበባ ደጀን፣ ከደጀን አዲስ አበባ ይመላለሳል። አሁን ሞተሩ ጠፍቶ ጋራዡ ግቢ ውስጥ ቆሟል።

ባለመኪናዋ፦ ወንድሜ፣ ነገሩን ላሳጥርልዎ። መኪናው ከሥሩ ጓ ይላል። የካርዳኑ መገጣጠሚያ፣ ክሮቼራው ነው ተባልኩ፤ አስቀየርኩ። ጥቂት ሳምንት ዝም ብሎ ቆየና ተመለሰ። ደግሜ አስቀየርኩ፤ ያው ነው። አሁን ደግሞ አንዱ መጥቶ «ዲፈረንሻሉ አልቆለታል፣ ሙሉውን ግዢ» አለኝ። እርስዎ ቁርጡን ይንገሩኝ፤ የትኛውን ዕቃ ልግዛ?

መካኒኩ፦ ዕቃ መግዛት የመጨረሻው ሥራ ነው እትዬ፤ እኛ ገና መጀመሪያው ላይ ነን። በቅድሚያ የምጠይቀውም ይህን ልጅ ነው። ጎበዝ፣ ጓ የሚለው መቼ ነው?

ሾፌሩ፦ ከኋላ ነው ጋሼ። ከወንበሬ ሥር ትንሽ ወደ ኋላ፣ ካርዳኑ ያለበት አካባቢ።

መካኒኩ፦ የት እንደሆነ መች ጠየቅሁህ? ሁሉም ሾፌር «ከወንበሬ ሥር» ነው የሚለኝ። ከካምቢዮው በካርዳኑ ዘንግ በኩል እስከ መጨረሻው አክሰል ድረስ ብረት ከብረት ጋር ተያይዟል፤ ሻንሲውም ብረት ነው። ከኋለኛው ጎማ አጠገብ የተመታ ነገር ሻንሲውን ተከትሎ ካቢና ውስጥ ይደርሳል። ጆሮ በቦታ ይታለላል፤ በጊዜ ግን እምብዛም አይታለልም። ስለዚህ ንገረኝ፣ መቼ?

ሾፌሩ፦ ስነሳ። ወደ ኋላ ስልም። አንዳንዴ ማርሽ ስቀይር።

መካኒኩ፦ ይደጋግማል ወይስ አንዴ ነው?

ሾፌሩ፦ አንዴ ነው። ጓ ይልና ዝም፤ ከዚያ መንገዱን ይሄዳል።

መካኒኩ፦ ይኼ ብዙ ነገር ያሳጥርልናል።

ባለመኪናዋ፦ ምን ያሳጥራል? ይህን እኮ እኔም አውቀዋለሁ።

መካኒኩ፦ አንዴ መትቶ ዝም የሚል ድምፅና እየደጋገመ የሚመታ ድምፅ ምርመራቸው ለየቅል ነው። የሚደጋገመው የሚዞር ነገር ላይ ነው ያለው፤ የተሸረፈ ጥርስ፣ የተበላ ኩሽኔታ፣ የላላ የጎማ ዳዶ ሊሆን ይችላል። መኪናው ሲፈጥን እሱም ይፈጥናል። አንዴ የሚመታው ግን ኃይሉ አቅጣጫ ሲቀይር ብቻ ነው። ነዳጅ ስትረግጥ ሞተር ጎማን ይነዳል፤ ስትለቅ ነገሩ ይገለበጥና ጎማ ሞተርን ይነዳል። በሬ በላላ ገመድ ስትይዝ ገመዱ እስኪወጠር በሬው ነፃ ነው፤ የተወጠረ ዕለት ክንድህን ይነጥቅሃል። ከመነሻው ተወጥሮ ቢሆን ኖሮ አብረኸው ትራመድ ነበር። ጓ ማለት ያ ልልነት አልቆ ብረት ከብረት የሚገናኝበት ድምፅ ነው።

ሾፌሩ፦ ቢደጋግምስ ኖሮ ጋሼ? የትኛው የሚዞር ነገር እንደሆነ በምን ይለያል?

መካኒኩ፦ በመቁጠር። የዚህ ጎማ ዙሪያ 3.4 ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ሂድ፣ ሰው በእግሩ የሚራመደውን ያህል። ጎማህ በደቂቃ ከ24 እስከ 25 ጊዜ ይዞራል። ዲፈረንሻሉ 5.73 ለ 1 ከሆነ ካርዳኑ በዚያችው ደቂቃ 140 ጊዜ ይዞራል። እንግዲህ ድምፁ በሁለት ሰከንድ ተኩል አንዴ ከመጣ ከጎማው ወገን ነው፤ በአንድ ሰከንድ ከሁለቴ በላይ ከመጣ ከካርዳኑ ወገን ነው። በሰዓት 60 እየነዳህ ብትሰማ ግን ሁለቱም ተምታተው አንድ ጫጫታ ይሆኑብሃል። መኪና የሚመረመረው በዝግታ ነው።

ባለመኪናዋ፦ እሺ፣ የኛው አንዴ ነው የሚመታው። ልልነት አለ ማለት ነው። ልልነቱ ያለበትን ዕቃ ፈልገው ይንገሩኛ!

መካኒኩ፦ ልልነት የሌለበት ዕቃ የለም እኮ እትዬ። የካምቢዮ ጥርሶች መሐል ክፍተት አለ፤ ባይኖር ዘይት አይገባም፣ ሲግልም ይነክሳል። ካርዳኑ የሚረዝምበትና የሚያጥርበት ጥርሳም ተንሸራታች ክፍተት አለው። በዲፈረንሻሉ ጥርሶች፣ በፒኞንና በኮሮና መሐል በብዙ ከባድ አክሰሎች ላይ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ እንዲኖር ፋብሪካው ራሱ ያዛል። ኃይሉን ወደ ጎማ የሚያደርሰው ሰሚያሴም በሁለቱ ጫፎቹ በኩል አለው። አንዱ ብቻውን ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ድምፁ የሁሉም ድምር ነው። ደግሞም ድምሩ እንዲሁ አይደመርም፣ ይባዛል።

ሾፌሩ፦ እንዴት ይባዛል?

መካኒኩ፦ ጎማው ዘንድ 1 ዲግሪ ልልነት አለ እንበል። ካርዳኑ ጋ ሲደርስ 5.73 ዲግሪ ነው። ማርሽህ 10 ለ 1 ከሆነ ሞተሩ ጋ 57 ዲግሪ ይሆናል። ሞተሩ ያን ሁሉ ያለ ሸክም ይሽከረከርና ፍጥነት ይዞ ነው የሚመታው። አንደኛ ማርሽና የኋላ ማርሽ ላይ ድምፁ የሚብሰው ለዚህ ነው። «በአንደኛ ማርሽ ስለሚብስ ካምቢዮው ነው» የሚልህ ሰው ካጋጠመህ ይህን ስሌት ንገረው።

ባለመኪናዋ፦ ካርዳኑን በእጁ ይዞ ወዲያና ወዲህ አወዛወዘና «ይኼው ሲላላ ይታይዎታል፤ ዲፈረንሻሉ አልቋል» ያለኝስ?

መካኒኩ፦ መንቀሳቀሱን በትክክል አይቷል። ከካርዳኑ ወዲያ ያለው ልልነት ሁሉ ግን ተባዝቶ እጁ ላይ ነው የመጣለት፤ የማንን ልልነት እንደያዘ አልለየም። አንድ ነገር ልጠይቅህ ልጄ። አባይ በረሃን ስትወርድስ?

ሾፌሩ፦ ...

መካኒኩ፦ እትዬን አትያቸው፤ እኔን እየኝ።

ሾፌሩ፦ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ስይዝ በማርሽና በሞተር ፍሬን ነው የምወርደው። ዝም ይላል። ኩርባ ላይ ነዳጅ ትንሽ ስነካ ጓ፤ ስለቅ ደግሞ ጓ። ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ደጀን ሽቅብ ስወጣ እስከ ላይ ድምፅ የለም።

መካኒኩ፦ ማፏጨትስ? እንደ ማጉተምተም ያለስ?

ሾፌሩ፦ ሽቅብም ቁልቁልም የለም።

መካኒኩ፦ እትዬ፣ ይህ መንገድ ማንም ጋራዥ የሌለው መመርመሪያ ነው። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል፣ ከዚያ ያንኑ ያህል ሽቅብ። እያንዳንዱ ጥርስ ሁለት ፊት አለው። ሽቅብ ሲወጣ በአንደኛው ፊት ይገፋል፤ ቁልቁል በሞተር ተይዞ ሲወርድ በሌላኛው ፊት ይገፋል። ቁልቁል ብቻ የሚያፏጭ ቢሆን ኖሮ የፒኞኑን ኩሽኔታና ዳዶ ነበር መጀመሪያ የምጠረጥረው። በሁለቱም ፊት ጭነት ተሸክሞ ዝም ካለ፣ ጥርሶቹ ገና እየተገናኙ ነው ብዬ እገምታለሁ። ግምት ነው፤ ኋላ በዘይቱ አረጋግጣለሁ። አሁን አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ፍሪሲዮን ረግጠህ፣ ሞተሩን ከነገሩ አውጥተህ፣ ፍሬን ብቻ ስትይዝስ?

ሾፌሩ፦ ያን ጊዜም ጓ ይላል። ትንሽ ለስለስ ያለ ነው።

መካኒኩ፦ ይህን ለማን ተናግረህ ታውቃለህ?

ሾፌሩ፦ የጠየቀኝ የለም።

ባለመኪናዋ፦ እኔስ? ለኔ ለምን አልነገርከኝም?

ሾፌሩ፦ እትዬ፣ ባለፈው የኋላ መብራት ሲሰበር ከደመወዜ ነው የቆረጡት። «ፍሬን ስይዝ ጓ ይላል» ብልዎት «ፍሬን አያያዝህ ነው» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።

መካኒኩ፦ ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ሾፌር የሚያውቀውን ከደበቀ እኔ የማየው ግማሹን ነው። ይቺ መልሱ ደግሞ የሁለት ክሮቼራ ዋጋ ነበራት።

ባለመኪናዋ፦ እንዴት ሆና?

መካኒኩ፦ ፍሪሲዮን ተረግጦ ሞተሩ ከተለየ፣ በካምቢዮና በካርዳን በኩል የሚመጣ ኃይል የለም ማለት ይቻላል። ጎማውን የሚይዘው ፍሬን ነው፤ ፍሬኑ ጎማውን ሲይዝ አክሰሉ ራሱ ከጎማው ጋር መዞር ይፈልጋል። እንዳይዞር የሚከለክሉት ቶርክ ሮድ የምንላቸው፣ አክሰሉን ከሻንሲው ጋር የሚያስሩት ዘንጎች ናቸው። የዘንጎቹ ጫፍ ላይ ቦኮላ አለ፣ ጎማና ብረት የተጣበቀበት። ቦኮላው ካለቀ አክሰሉ ፍሬን ሲያዝ በአንድ በኩል ያዘነብላል፤ ነዳጅ ሲረገጥ በሌላው በኩል። ሁለቱም ጊዜ ጓ ይላል። ክሮቼራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፍሬን ላይ እንዲህ አይናገርም ነበር። አሁን ከሥር ልግባ።

ሾፌሩ፦ ሞተሩን ላስነሳልዎ?

መካኒኩ፦ ቁልፉን ስጠኝ፤ ኪሴ ውስጥ ይሁን። ለጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርግ። ማርሹ ዜሮ። የፍሬኑ አየር ሙሉ ከሆነ የእጅ ፍሬኑን ልቀቀው፤ ካርዳኑ ተወጥሮ ከቆየ የላላው ክሮቼራ ጠንካራ መስሎ ያታልለኛል። ሞተር እየሠራ ካርዳን ሥር የሚገባ ሰው ጋቢው ወይም ቱታው ሲያዝ አይቶ አያውቅም ማለት ነው።

(መካኒኩ ከመኪናው ሥር ሆኖ ይናገራል።)

መካኒኩ፦ ከዓይን እንጀምር። የክሮቼራው ጫፎች ዙሪያ ቀይ ዱቄት ቢኖር ግራሶ ያልደረሰው ብረት እየተበላ ነው ማለት ነበር፤ እዚህ አንዱ ላይ አለ። የካርዳኑ የመሐል ሱፖርቶ ጎማ አልተቀደደም። ተቀድዶ ቢሆን ኖሮ ጭነህ ስትነሳ መኪናው ይንቀጠቀጥ ነበር። ባሌስትራውን የሚያጠብቁት ጥምዝ ቡሎኖች... እዚህ ጋ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ አብርቷል፤ የሚያበራ ብረት የሚንቀሳቀስ ብረት ነው። አንዱ ላልቷል። አሁን ረጅሙን ብረት አቀብለኝ።

ሾፌሩ፦ ይኸው።

መካኒኩ፦ ክሮቼራውን ወደ ላይና ወደ ታች ልሞክረው። አንድ የታወቀ አምራች ከ0.15 ሚሊ ሜትር በላይ መንቀሳቀስ የለበትም ይላል። ይህ ለዓይን ከታየ በጣም አልፏል ማለት ነው። የፊተኛው ደህና ነው። የኋለኛው ጥቂት ጀምሯል። ተንሸራታቹ ጥርሳም ክፍል ደርቋል፤ ግራሶ የለውም። ልጄ፣ ከቆምክ በኋላ፣ መኪናው ከቆመ ከአንድ ሰከንድ በኋላ፣ ጓ የሚልበት ጊዜ አለ?

ሾፌሩ፦ አዎ! እኔ ምን ሆኖ ነው ብዬ እገረማለሁ።

መካኒኩ፦ ስትቆም ባሌስትራው ተጨምቆ ሲመለስ ካርዳኑ መርዘም ወይም ማጠር አለበት። የደረቀ ተንሸራታች ይይዛል ይይዛልና በድንገት ይለቃል። ይኼኛው በግራሶ የሚድን ጓ ነው። አሁን ወደ ቶርክ ሮዶቹ። እትዬ፣ ጎንበስ ብለው ይዩ፤ ከውጭ ሆነው፣ ከሥር አይግቡ።

ባለመኪናዋ፦ ብረቱን ሲያስገቡት ዘንጉ ይዘላል!

መካኒኩ፦ የላይኛው፣ የቪ ቅርጽ ያለው ዘንግ ቦኮላው አልቋል። ከታችኞቹም ሁለቱ።

ባለመኪናዋ፦ እርግጠኛ ነዎት? በብረት የተገፋ ነገር ሁሉ ይንቀሳቀሳል።

መካኒኩ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ስልክህን አምጣ ጎበዝ። እዚህ ሻንሲው ላይ አጥብቀን እናስረውና ቪዲዮ ይቅረጽ። አሁን እኔ ወጥቻለሁ፤ ማንም ከሥር የለም። ቁልፉ ይኸውልህ። ግቢው ውስጥ ሁለት ሜትር ወደ ፊት፣ ፍሬን፤ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ፣ ፍሬን። በዝግታ። ድሮ አንድ ልጅ አስተኝተን እንዲያይ እናደርግ ነበር፤ ስልክ እያለ ሰው ማስተኛት ወንጀል ነው።

(ሾፌሩ ነድቶ ይመለሳል። ሦስቱም ስልኩን ያያሉ።)

ባለመኪናዋ፦ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሳል፤ ፍሬን ሲይዝ ወደ ታች ይወርዳል።

መካኒኩ፦ አዎ። እሱ በተነሳ ቁጥር የክሮቼራው ማዕዘን ይለወጣል። ክሮቼራ ማዕዘኑ ሲበዛ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። የካርዳኑ ሁለት ጫፎች ማዕዘን እኩል ሲሆን አንዱ የሌላውን ያጠፋል። አክሰሉ ካዘነበለ እኩልነቱ ይፈርስና ክሮቼራው ሁልጊዜ ይደበደባል። የተቀየረው አሮጌ ክሮቼራ የት ነው?

ሾፌሩ፦ ከወንበሩ ኋላ አስቀምጬዋለሁ።

መካኒኩ፦ ብራቮ። አሮጌ ዕቃ የሚጥል ባለመኪና ማስረጃውን ነው የሚጥለው። ይዩ እትዬ፤ ከአራቱ ክንዶች ሁለቱ ላይ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። መርፌ መሰል ኩሽኔታዎቹ አንድ ቦታ ላይ ሲመቱ ብረቱን የተጫኑበት ምልክት ነው። ከመደብደብ የመጣ ነው። አንደኛው ክንድ ላይ ደግሞ ዝገት አለ፤ ግራሶ ሲሞላ ከአራቱም ጫፍ እስኪወጣ አልተጠበቀም። ከሦስቱ ወጥቶ ከአንዱ ካልወጣ ያ ክንድ በደረቁ ነው የሚሠራው። ይኼኛው ጫፉ ላይ የመዶሻ ምልክትም አለው።

ባለመኪናዋ፦ እንግዲያው ክሮቼራ የቀየረልኝ ሰው አልዋሸኝም?

መካኒኩ፦ አልዋሸም፤ ክሮቼራው በእርግጥ ተበልቶ ነበር። «ምን በላው?» ብሎ ግን አልጠየቀም። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይባል የለ? ክሮቼራው ተበዳይ ነበር፤ በዳዩ ቦኮላው ነው።

ባለመኪናዋ፦ ቦኮላውንስ ምን በላው? በዚህ አካሄድ እስከ ነገ እንጠይቃለን እኮ።

መካኒኩ፦ እስክንጨርስ እንጠይቃለን። ቦኮላ በዕድሜም ያልቃል፣ በጭነትም። ግን ሁለቱን የኋላ አክሰሎች ጎማ ልያቸው። ፊተኛው አክሰል ላይ ያሉት አዲስ ናቸው፤ ኋለኛው ላይ ያሉት ተበልተዋል። ልጄ፣ የመሐል ዲፈረንሻሉን መቆለፊያ ትጠቀማለህ?

ሾፌሩ፦ አሸዋ የምንጭንበት ቦታ ጭቃ ስለሆነ እይዘዋለሁ። አስፋልት ስወጣ ማብሪያውን አጠፋዋለሁ።

መካኒኩ፦ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መብራትስ ይጠፋል?

ሾፌሩ፦ መብራቱ አይሠራም። አምፖሉ ከተቃጠለ ቆይቷል። ለእትዬ ነግሬያለሁ።

ባለመኪናዋ፦ ነግሮኛል። ለአምፖል ብዬ መኪና አላቆምም አልኩ።

መካኒኩ፦ እንግዲህ ይህን ያድምጡ። መቆለፊያው ሲያዝ ሁለቱ አክሰሎች እኩል ዙር እንዲዞሩ ይገደዳሉ። ጭቃ ላይ ችግር የለም፤ ጎማው ይንሸራተታል። አስፋልት ላይ ግን የአንዱ አክሰል ጎማ ዙሪያ ከሌላው 1 በመቶ ቢበልጥ፣ በ1 ኪሎ ሜትር 10 ሜትር ልዩነት ይመጣል። ያ ልዩነት የግድ የሆነ ቦታ መውጣት አለበት፤ ጎማው ይፋቃል፣ ዘንጎቹ ይጠመዘዛሉ፣ ቦኮላዎቹ ይጎተታሉ። ደግሞ ዘንጎቹ ተጠምዝዘው ከተወጠሩ ማብሪያው ቢጠፋም መቆለፊያው ተነክሶ ላይለቅ ይችላል። ነዳጅ ስትለቅ ወይም ትንሽ ወደ ኋላ ስትል ነው የሚለቀው፤ ሲለቅም በጓ ነው። መለቀቁን የሚነግርህ ያ አምፖል ብቻ ነበር።

ሾፌሩ፦ አንዳንዴ ተቆልፎ እስከ ፍቼ ደርሼ ይሆናል ማለት ነው?

መካኒኩ፦ ይሆናል። አንተም ማወቂያ አልነበረህም።

ባለመኪናዋ፦ በቃ ገባኝ። ዲፈረንሻሉስ? ሙሉውን ግዢ የተባልኩት?

መካኒኩ፦ እሱን በጠመኔ ነው የምንጠይቀው። አሁን የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ጎማዎቹ እንዳይዞሩ። ማርሹ ዜሮ ላይ ይቆይ። የኋለኛው አክሰል መግቢያ ፍላንጅና ቤቱ ላይ አንድ መስመር በጠመኔ አሰምራለሁ። ፍላንጁን ወደ ግራ እስኪቆም፣ ከዚያ ወደ ቀኝ እስኪቆም አዙሬ ርቀቱን እለካለሁ። 14 ሚሊ ሜትር። የፍላንጁ ስፋት 180 ነው፤ ዙሪያው 565 ያህል። ስለዚህ 14 ማለት 9 ዲግሪ ገደማ ነው። በ5.73 ሲካፈል ጎማው ዘንድ 1.6 ዲግሪ አይሞላም። ፒኞኑን፣ ኮሮናውን፣ ትንንሾቹን ጥርሶችና ሰሚያሴውን አንድ ላይ ደምሮ ነው ይህ። ለሠራ መኪና አያስደነግጠኝም። ፍላንጁን ወደ ላይና ወደ ታች ስገፋውም አይነቃነቅም፤ የፒኞኑ ኩሽኔታ አልላላም። ፊተኛው አክሰል ላይ ቁጥሩ ይበልጣል፤ የመሐል ዲፈረንሻሉ ጥርሶችም ስለሚደመሩበት። ሁለቱን ቁጥር ማወዳደር ስህተት ነው።

ሾፌሩ፦ ዘይቱስ?

መካኒኩ፦ አሁን ክፈተው፤ ከሥሩ ንጹሕ ዕቃ አድርግ። ማግኔት ያለበት ቡሎን ላይ የተጣበቀውን በጣትህ አሸው። ግራጫ፣ ለስላሳ ሊጥ ከሆነ የዕድሜ ነው። የሚቆረቁር ስባሪ ካገኘህ ግን ክርክሩ አበቃ፤ ይከፈታል።

ሾፌሩ፦ ለስላሳ ነው ጋሼ።

መካኒኩ፦ ስለዚህ ዲፈረንሻሉን አንነካውም። ደህና የሆነ ዲፈረንሻል መክፈት ፋብሪካ ያስተካከለውን በገዛ እጅ ማበላሸት ነው።

ባለመኪናዋ፦ እስካሁን ያልጠቀሱትም አለ አይደል? ሌላው ጋራዥ ስለ ፍሪሲዮንም አውርቶኝ ነበር።

መካኒኩ፦ ባጭሩ ልንገርዎ። የፍሪሲዮኑ ሳህን ውስጥ ያሉት ስፕሪንጎች ቢሰበሩ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራም ይንኳኳ ነበር። የሞተርና የካምቢዮ ሱፖርቶዎች ቢያልቁ ነዳጅ ሲረገጥ የማርሽ ዘንጉ አብሮ ይዘል ነበር፤ ይህ ልጅ ያን አላለም። ተሳቢ ቢኖረው የማያያዣውን ፒን መጀመሪያ አይ ነበር፤ የላላ ፒን የካርዳን ድምፅ መስሎ ብዙ ሰው አክስሯል። የቆመ መኪና፣ የሚሄድ መኪና፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ፣ ፍሪሲዮን ተለቅቆ፣ ሽቅብ፣ ቁልቁል፤ በእያንዳንዱ ጥያቄ ከተጠርጣሪዎቹ ግማሾቹ በነፃ ይሰናበታሉ። ምንም ሳይፈታ።

ባለመኪናዋ፦ ይህ ሁሉ ባይደረግስ? እንዲሁ ጓ እያለ ቢሠራ ምን ይመጣል? ብዙ መኪና እንደዚያ ይሠራል።

መካኒኩ፦ ይሠራል፤ እስኪበጠስ። ካርዳን ጎሐ ጽዮን ቁልቁለት ላይ ቢበጠስ የሞተር ፍሬን የሚባል ነገር የለም። ሞተሩና ጎማው ተለያይተዋል፤ ልጁ በእግር ፍሬን ብቻ ሙሉ ጭነት ይዞ ነው የሚወርደው፣ ፍሬኑም ይግላል። የፊተኛው ጫፍ ከተበጠሰ ደግሞ ካርዳኑ ወድቆ አስፋልቱን ሊወጋና መኪናውን ከሥሩ ሊያነሳው ይችላል። እኔ ስለ ጓ የምጨነቀው ለጆሮዬ ብዬ አይደለም።

ባለመኪናዋ፦ እሺ። ቅደም ተከተሉን ይንገሩኝ፤ ሁሉንም ባንድ ጊዜ የምከፍልበት ገንዘብ የለኝም።

መካኒኩ፦ አንደኛ፣ የቶርክ ሮድ ቦኮላዎች፤ የላላውም ጥምዝ ቡሎን በልኩ ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ የኋለኛው ክሮቼራ፤ በፕሬስ ይገባል እንጂ መዶሻ አይነካውም፣ ግራሶው ከአራቱም ጫፍ ሲወጣ አንተ ቆመህ ታያለህ። ከመፈታቱ በፊት የካርዳኑ ሁለት ክፍሎች አሰካካቸው በቀለም ምልክት ይደረግበታል፤ አንድ ጥርስ ተዛንፎ ከገባ በጓ ፋንታ ንቅጥቃጤ ይዘው ይመለሳሉ። ሦስተኛ፣ ተንሸራታቹ ግራሶ ይጠጣ። አራተኛ፣ አምፖሉ። ጎማዎቹን በተመለከተ፣ አዲሶቹንና ያለቁትን በሁለቱ አክሰሎች መሐል እናቀያይርና ዙሪያቸውን እናቀራርባለን፤ ለዚህ የሚገዛ ነገር የለም።

ባለመኪናዋ፦ ከዚህ ሁሉ በኋላ ድምፁ ይጠፋል?

መካኒኩ፦ ጨርሶ ይጠፋል ብዬ አልምልም። ይህን ያህል የሠራ መኪና በኋላ ማርሽ ሲነሳ ትንሽ ድምፅ ይኖረዋል። ፍሬን ላይ የነበረው ግን መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ እኔ ዘንድ ይመልሱት፤ የሠራሁበትን አልቀበልም። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለኝ።

ባለመኪናዋ፦ ምን?

መካኒኩ፦ ይህ ልጅ አዲስ ድምፅ ሲሰማ መቼ፣ በስንተኛ ማርሽ፣ ሽቅብ ወይስ ቁልቁል፣ ጭኖ ወይስ ባዶውን ብሎ ይጽፍልዎታል። ለጻፈው ነገር ደመወዙ አይቆረጥም።

ባለመኪናዋ፦ ለጻፈው አልቆርጥም። አውቆ ለደበቀው ግን ቃል አልገባም።

ሾፌሩ፦ እኔ ተስማምቻለሁ።

መካኒኩ፦ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይህን ጻፍ፦ የኋለኛው አክሰል፣ 14 ሚሊ ሜትር፣ ከዛሬው ቀንና ከኪሎ ሜትሩ ጋር። ዘይት ስትቀይሩ በዚያው ፍላንጅ፣ በዚያው ጠመኔ ይለካል። 14 ወይም 15 ከሆነ መንገዳችሁን ቀጥሉ። 20 ካለፈ አምጡት፤ ያን ጊዜ ዲፈረንሻሉን የምከፍትበት ምክንያት ይኖረኛል።

ባለመኪናዋ፦ ድምፁ ባይጨምርም?

መካኒኩ፦ ባይጨምርም። ጆሮ ይለምዳል እትዬ፤ ማስመሪያ አይለምድም።